ስለ ሁለት ፍርሃቶችና ስለ ሠዓልያን ምስክርነት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላወሳላችሁ ያሰብሁት ስለ ሁለት ፍርሃቶች ነው። አንደኛው ከአቶም ኀይል የተወለደው ፍርሃት ነው፤ ይህ አርጅቷል፤ ዕድሜው የሰው ዕድሜ ያህል ሆኗል። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከምንለው አዲስ ጥበብ የተወለደው ነው፤ ይህ ገና ልጅ ነው፤ ነገር ግን ፈጥኖ በማደግ ላይ ይገኛል። ስለ ሁለቱም ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። እኔ ግን ዛሬ በምስክርነት የማቆማቸው ሊቃውንቱን ብቻ ሳይሆን ሠዓልያኑን ነው፤ ይልቁንም ሸራና ቡርሽ ትተው በኮምፒዩተር የሚሠሩትን። ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ምናልባት ከእናንተ መካከል፣ «ከመዝገብና ከማኅተም ጋር የሚውል ሠራተኛ ስለ ቦምብና ስለ ሥዕል ቢሰማ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን በንግግሬ መጨረሻ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነውና።

ኢሳኦ ሃሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ አለ። ይህ ሰው ሥነ ጥበብን ከመማሩ በፊት ብዙ ዓመት የሠራው በውጭ አገር ገንዘብ ግዢና ሽያጭ ነበር፤ ይኸውም እንደ ብዙዎቻችን ከቁጥር ጋር የሚውል የቢሮ ሰው ነበረ። በ2003 ዓ.ም. «1945–1998» ብሎ የሰየመውን ሥራ ለሕዝብ አቀረበ። ሥራው ሩብ ሰዓት የማይሞላ፣ በኮምፒዩተር የተቀነባበረ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በገጹ ላይ የሚታየው የዓለም ካርታ ብቻ ነው። ተራኪ የለውም፤ ዘፈን የለውም፤ የሞተ ሰው ወይም የፈረሰ ቤት አይታይበትም። በዚህ ካርታ ላይ አንድ ሴኮንድ የአንድ ወር ምትክ ናት፤ የአቶም ቦምብ በፈነዳበት ቦታ ሁሉ ብልጭታ ይታያል፤ አጭር ድምፅም ይሰማል። ቦምብ ያፈነዳ መንግሥት ሁሉ የየራሱ ድምፅና የየራሱ ቁጥር አለው።

የመጀመሪያው ብልጭታ በጁላይ 1945 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ ላይ ይታያል። ወዲያው በሚቀጥለው ወር ሁለት ብልጭታዎች በጃፓን ላይ ይከተላሉ፤ እነዚህም በኦገስት 6 ቀን ሂሮሺማን፣ በኦገስት 9 ቀን ናጋሳኪን ያወደሙት ናቸው። ከዚያ በኋላ ካርታው ጸጥ ይላል። ተመልካቹ «እንግዲህ ሰው ከዚህ ተማረ» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ጥቂት ሴኮንዶች ካለፉ በኋላ በሰላማዊው ውቅያኖስ ላይ እንደገና ብልጭ ይላል። በ1949 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት፣ በ1952 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ በ1960 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ በ1964 ዓ.ም. ቻይና በተራቸው ይገባሉ። በመጀመሪያ እንደ ነጠብጣብ ይሰማ የነበረው ድምፅ እየበረታ ይሄዳል፤ 178 ፍንዳታ በተደረገበት በ1962 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. ሕንድና ፓኪስታን ያደረጉት ፍንዳታ ከታየ በኋላ ሥራው ሲያበቃ ድምሩ 2053 ነው። ሰሜን ኮሪያ ከ2006 እስከ 2017 ዓ.ም. ያደረገቻቸው ስድስቱ በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።

ልብ በሉ! ከ2053ቱ ፍንዳታዎች መካከል በጠላት ከተማ ላይ የተጣሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁሉ በየመንግሥታቱ መዝገብ ውስጥ የተጻፉት በሌላ ስም ነው። አብዛኛዎቹ «ሙከራ» ተብለዋል። እኛ የጽሕፈት ሰዎች አንድ ቃል ስንት ነገር ሊሸፍን እንደሚችል ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ፈረንሳይ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቦምቧን ያፈነዳችው በገዛ ምድሯ ሳይሆን በአፍሪካ፣ በአልጄርያ ሰሐራ፣ ረጋን በተባለው ስፍራ ነበር። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በዚያው በረሓ 17 ጊዜ አፈንድታለች። በሃሺሞቶ ካርታ ላይ ይህ ሁሉ ጥቂት ብልጭታ ነው፤ ከብልጭታው በታች ግን ግመል የሚነዱ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ነበሩ።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። በማርች 1 ቀን 1954 ዓ.ም. አሜሪካውያን በቢኪኒ ደሴት አንድ የሃይድሮጅን ቦምብ አፈነዱ። የሠሩት ሊቃውንት ኀይሉ ስድስት ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ያህል እንዲሆን ገምተው ነበር፤ የሆነው ግን 15 ሚሊዮን ነው። ምክንያቱም በቦምቡ ውስጥ ከነበሩት ሁለት የሊቲየም ዓይነቶች አንደኛውን «ይህ በነገሩ ውስጥ አይገባም» ብለው ከሒሳብ አውጥተውት ኖሮ፣ በእሳቱ መካከል እርሱም አብሮ ተካፋይ ሆነ። ከታወጀው የአደጋ ክልል ውጪ ዓሣ ያጠምዱ በነበሩ 23 ጃፓናውያን ላይ ነጭ ዐመድ ዘነበባቸው፤ ሁሉም ታመሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሞተ። ሠሪዎቹ የሠሩትን አላወቁትም ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አገራችንም ልትጠቀስ የሚገባት ስፍራ አላት። በኖቬምበር 24 ቀን 1961 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ባቀረበችው ረቂቅ ላይ ተወያይቶ፣ ቁጥሩ 1653 የሆነውን ውሳኔ አጸደቀ። ውሳኔው የኒውክሌር መሣሪያን በጦርነት መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን የሚገልጽ ነበር። 55 አገሮች ደገፉት፤ 20 ተቃወሙት፤ 26 ድምፃቸውን ከመስጠት ታቀቡ። ከተቃወሙት መካከል ከመሣሪያው ባለቤቶች አንዳንዶቹ ነበሩበት። እውነቱን ለመናገር ውሳኔው ቦምቡን አላቆመውም፤ እንዲያውም የሚቀጥለው ዓመት ያ ካርታው በበረዶ የተመታበት 1962 ዓ.ም. ነበር። ይሁን እንጂ በ1963 ዓ.ም. በሞስኮ በተፈረመው ውል በአየር፣ በሕዋና በውኃ ውስጥ ማፈንዳት ለፈራሚዎቹ ተከለከለ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ፍንዳታን ሁሉ የሚከለክል ውል ለፊርማ ቀረበ። ይህ ሁለተኛው ውል ዛሬም የሚያስፈልጉት ፊርማዎችና ማጽደቂያዎች ሁሉ ስላልተሟሉለት በሕግነት አልጸናም። እንግዲህ ወረቀት ብቻውን እሳት አያጠፋም፤ ነገር ግን ማጥፊያው የት እንደ ተቀመጠ የሚታወቀው በወረቀት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርሃት ልሻገር።

ፈረንጆች አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያሉትን እኛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብለነዋል። ስሙ ያማረ ነው፤ ጥቂት ግን ሊመረመር ይገባዋል። በቋንቋችን ብልጥ የሆነ ሁሉ አስተዋይ አይባልም። ፈጥኖ የሚቆጥር ልጅ ጎበዝ ይባላል፤ ብዙ የሚያስታውስ ሰው ባለ ብዙ ትዝታ ይባላል። አስተዋይ የምንለው ግን አይቶ የሚመዝነውን፣ የሚናገረው ነገር በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቀድሞ የሚያስበውን ነው። አዲሱ መሣሪያ በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው በምሳሌ ብዛት ነው። ሚሊዮን ሥዕል ወይም ሚሊዮን ጽሑፍ ይሰጡታል፤ እርሱም በመካከላቸው ያለውን ተመሳሳይነት በቁጥር ይይዝና አዲስ ነገር ሲቀርብለት «ይህ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል» ይላል። በውስጡ ያሉት ቁጥሮች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ አንድን መልስ ለምን እንደ ሰጠ ሠሪዎቹ እንኳ ብዙ ጊዜ ለይተው መናገር ይሳናቸዋል። ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር ይኸው ተመለሰ፦ ሠሪዎች የሠሩትን አለማወቃቸው!

ይህን ፍርሃት በዓይን እንዲታይ ያደረጉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ትሬቨር ፓግለንና የዚህ ጥበብ ተመራማሪ የሆነችው ኬት ክሮፎርድ። እነዚህ ሁለቱ በ2019 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ «ሰዎችን ማሠልጠን» የተሰኘ ትርኢት ከፈቱ። ትርኢቱ ያሳየው መሣሪያው የተማረባቸውን ሥዕሎች ራሳቸውን ነው። ከእነዚህም ዋነኛው ኢሜጅኔት የተባለው፣ ከ14 ሚሊዮን የሚበልጡ ሥዕሎች የተከማቹበት መዝገብ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ የተራ ሰዎች ፎቶግራፍ አለ፤ በያንዳንዱም ላይ ስም ተለጥፎበታል። ስሙን የለጠፉት በጥቂት ክፍያ የተቀጠሩ፣ በየቤታቸው ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሥራውም ማንም ሰው የገዛ ፎቶግራፉን እንዲሰጥና መሣሪያው ምን ብሎ እንደሚጠራው እንዲያይ ያስችል ነበር። አንዱን ከማያውቀው ሙያ ጋር ያዛምደዋል፤ ሌላውን ጥፋተኛ ይለዋል፤ ጥቁር የሆነውን ሰው ደግሞ ዘሩን በሚያዋርድ ስም የጠራበት ጊዜ ነበር። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ የኢሜጅኔት ባለቤቶችም በዚያው ዓመት 600,000 የሚያህሉ የሰው ሥዕሎችን ከመዝገባቸው እንደሚያወጡ አስታወቁ።

ከዚህ ሥራ የምንማረው ምንድን ነው? መሣሪያው ራሱ ክፉ ሆኖ አልተወለደም። አንድ ስሙ የማይታወቅ ሠራተኛ፣ ምናልባት ደክሞት፣ ምናልባት ሳያስብበት፣ በማያውቀው ሰው ፊት ላይ አንድ ቃል ለጠፈ። መሣሪያው ያን ቃል ወርሶ በሺህ ፊቶች ላይ መልሶ ለጠፈው። ስሕተቱ የሰው ነው፤ ያለ ድካምና ያለ ኀፍረት የሚያበዛው ግን መሣሪያው ነው።

ሁለቱ ፍርሃቶች በየራሳቸው መንገድ ሲሄዱ ቢቀሩ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ቦምቡን የመተኮስ ውሳኔ ነው። ኮምፒዩተር በዚህ መንገድ ላይ የቆመው ዛሬ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር በአሜሪካ የመከላከያ ማዕከል ለልምምድ የተዘጋጀ ፕሮግራም በስሕተት ወደ እውነተኛው መሣሪያ ገብቶ የሶቪየት ሚሳይሎች በብዛት እየመጡ መሆናቸውን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በጁን ወር ደግሞ ዋጋዋ አንድ ዶላር እንኳ የማትሞላ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ተበላሽታ ያንኑ ዓይነት ደወል አስደወለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሶቪየት ኅብረት የሆነው ነው። በሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አልፎ፣ ሌተና ኮሎኔል ስታኒስላቭ ፔትሮቭ በሞስኮ አቅራቢያ በሚገኝ የማስጠንቀቂያ ጣቢያ ተረኛ ነበረ። የሳተላይቱ ኮምፒዩተር ከአሜሪካ አንድ ሚሳይል መነሣቱን፣ ቀጥሎም አራት ተጨማሪ መነሣታቸውን አበሠረ፤ የመረጃው አስተማማኝነትም ከፍተኛ ነው ሲል ጨመረ። ፔትሮቭ ግን እንዲህ ሲል መዘነ፦ ጦርነት የሚጀምር መንግሥት በአምስት ሚሳይል አይጀምርም፤ መሣሪያውም ገና አዲስ ነው፤ የምድር ራዳሮችም ምንም አላዩም። ስለዚህ ለአለቆቹ የላከው ቃል «የሐሰት ደወል ነው» የሚል ሆነ። በኋላ ሲመረመር፣ ሳተላይቱ ሚሳይል ብሎ ያየው በከፍተኛ ደመና ላይ ያንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ኖሯል። ይህ መኰንን የተመሰገነ ይመስላችኋል? በዚያች ሌሊት የተረኛውን መዝገብ በሚገባ አልሞላህም ተብሎ ተወቀሰ! በ2017 ዓ.ም. በጸጥታ ዐረፈ።

እንግዲህ በዚያች ሌሊት ፈጥኖ ያየው መሣሪያው ነበር፤ ያስተዋለው ግን ሰውየው ነበር። የሁለቱን ቃላት ልዩነት ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ምሳሌ አላውቅም።

ይሁንና ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የተቃራኒውንም ልናገር። በጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጧት በሃዋይ ደሴቶች የሚኖር ሕዝብ በየስልኩ «ሚሳይል እየመጣ ነው፤ ተጠለሉ፤ ይህ ልምምድ አይደለም» የሚል መልእክት ደረሰው። በዚህ ጊዜ የተሳሳተው መሣሪያው ሳይሆን ሰው ነበር። የሐሰት መሆኑን የሚገልጽ ሁለተኛ መልእክት ወደ ስልኮቹ እስኪደርስ ግን 38 ደቂቃ ፈጀ፤ ማስጠንቀቂያው ተዘጋጅቶ ሲቀመጥ ማረሚያው አልተዘጋጀም ነበርና። በ2022 ዓ.ም. የወጣና «በዓለም ፍጻሜ ጧት ስትነቁ» በሚል ልንተረጉመው የምንችል የኮምፒዩተር ሥራ ይህን 38 ደቂቃ መልሶ ያሳየናል። ተመልካቹ ዓይኑን በሚሸፍን መነጽር ውስጥ ሆኖ በዚያች ጧት ከነበሩት ሰዎች መካከል ይቆማል፤ እናት ልጆቿን የት እንደምትደብቅ ስታስብ፣ ሰው የመጨረሻ ቃሉን በስልክ ሲናገር ይሰማል። በዚያች ጧት ቦምብ አልወደቀም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ስለ ቦምቡ የሚያውቀውን ሁሉ በ38 ደቂቃ ውስጥ ዐወቀ።

ስለዚህ «ሰው ደግ፣ መሣሪያ ክፉ» ብለን የምንደመድመው ነገር አይደለም። የአቶም ጨረር በሆስፒታል የካንሰርን ዕጢ ያቃጥላል፤ በአገራችንም ከብት የሚፈጀውን የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈውን ዝንብ ለማጥፋት ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር የማምከን ሥራ በቃሊቲ ተቋቁሟል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም እንዲሁ ሐኪሙን፣ መምህሩንና ገበሬውን ይረዳል። ጥያቄው መሣሪያው ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው አይደለም። ጥያቄው በስሕተቱ ጊዜ «ቆይ!» የሚል ሰው በመካከል ይኑር ወይስ አይኑር ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት ራሳቸው ይህን ያወቁት ይመስላል። በኖቬምበር 2024 ዓ.ም. የአሜሪካና የቻይና መሪዎች በፔሩ በሊማ ከተማ ሲገናኙ፣ የኒውክሌር መሣሪያን የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ እንጂ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እጅ እንዳይሆን ተስማምተዋል።

አሁን በመጀመሪያ ያቆየሁትን መልስ ልስጥ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለግል ጉዳዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ አንድ የሸመገሉ ሰው ቆመው ነበር። የጡረታ ጉዳይ ኖሯቸው ነው የመጡት። ወጣቱ ጸሓፊ ስማቸውን በኮምፒዩተሩ ከፈለገ በኋላ፣ «አባቴ፣ ሲስተሙ አያውቅዎትም» አላቸው። ሽማግሌው ደንግጠው፣ «ልጄ፣ አንተ እያየኸኝ አይደለም ወይ?» አሉት። ወጣቱ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን የመታወቂያ ወረቀታቸውን በእጁ ይዞ «ሲስተሙ የለም ይላል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። በዚህ ጊዜ ከወዲያ ጠረጴዛ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጸሓፊ ተነሡና፣ «ቆይ እስቲ፤ አባባ፣ አንድ ጊዜ ይቀመጡ» ብለው አሮጌውን መዝገብ ከመደርደሪያ አወጡ። ለካ ኀይሉ የተባለው ስማቸው በመዝገቡ በ«ኀ»፣ በኮምፒዩተሩ በ«ሐ» ተጽፎ ኖሯል! ፊደል ለቈጠረ ሰው ሁለቱ አንድ ስም ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሴትዮዋ ስሙን አረሙ፤ ያረሙበትንም ምክንያት ጻፉ፤ ከበታቹም በገዛ ስማቸው ፈረሙ።

እኔ በዚያች ጊዜ ያስታወስሁት ፔትሮቭን ነበር። ነገሩ ትልቅና ትንሽ ከመሆኑ በቀር ሥራው አንድ ነው። መሣሪያው ተናገረ፤ አንድ ሠራተኛ የመሣሪያውን ቃል ከእውነቱ ጋር አስተያየ፤ ኀላፊነቱንም በራሱ ላይ ወሰደ። ይህን ማድረግ በጡረታ ጽሕፈት ቤት ያልለመደ ሰው፣ በጦር ጣቢያ በአንዲት ሌሊት ሊማረው አይችልም።

እንግዲህ ሠዓልያኑ ከፈጠሩብን ፍርሃት ሦስት ምክር ይዤ እሰናበታለሁ። መጀመሪያ፣ እንደ ሃሺሞቶ እንቍጠር፤ ነጠላ ሲሆን ትንሽ የሚመስል ነገር ሲደመር ምን እንደሚሆን እንይ። ሁለተኛ፣ ሰውን በመዝገብ ስንጽፍ የምንለጥፍበትን ቃል እንመርምር፤ ዛሬ እኛ የጻፍነውን ነገ መሣሪያው ይወርሰዋልና። ሦስተኛ፣ ማስጠንቀቂያ ስናዘጋጅ ማረሚያውንም አብረን እናዘጋጅ፤ በውሳኔ ሁሉ ሥር ተጠያቂ የሚሆን የሰው ስም አይጥፋ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱ ገና በእጅ ሊጠፋ በሚችልበት ጊዜ እንድንነሣ ነው።

ፍርሃት ብቻውን ሰውን ያሸሻል፤ ማስተዋል ሲጨመርበት ግን ሰውን ዘብ ያቆማል። የቅጠሉን ጊዜ እንዳናሳልፈው አደራ እላለሁ።